የፎቶ አንሺ ዓርማ፦ ከንድፍ እስከ ምዝገባ

ጥር ሲገባ በአማራ ክልል ከተሞችና ገጠሮች ካሜራ ያነገቡ ወጣቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ጥር 11 ቀን በጎንደር የጥምቀት በዓል፣ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። በግላቸው ለሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች እነዚህ ሳምንታት፣ ከፋሲካ በኋላ ከሚመጣው ሁለተኛ የሠርግ ወቅት ጋር፣ የዓመቱ መኸር ናቸው ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ቀናት የሚነሣ ፎቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር ከባለቤቱ ቀድሞ ይሄዳል። ፈረሰኛው በምስሉ ይታወቃል፤ ሙሽሮቹም ይታወቃሉ፤ ያነሣው ሰው ግን አይታወቅም። ፎቶውን ወዶ «ይህን ያነሣው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ ካላገኘ፣ ሥራውን በቅርብ ላገኘው ሌላ ባለሙያ ይሰጣል። ፎቶ አንሺው የራሱ ሥራ ያመጣለትን ደንበኛ ሳያውቀው ያጣል።

ዓርማ፣ በተለምዶ ሎጎ የሚባለው ምልክት፣ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው። ይህ ጽሑፍ በግሉ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ዓርማውን እንዴት እንደሚያስነድፍ፣ በምን እንደሚፈትነውና በሕግ እንዴት እንደሚያስጠብቀው ደረጃ በደረጃ ያብራራል። አብዛኛው ምክር ማሩን፣ ቡናውን ወይም ቅቤውን በራሱ ስም ለገበያ ለሚያቀርብ አርሶ አደርም ይሠራል።

ዓርማ ምንድን ነው?

ዓርማ አንድን ሥራ ወይም ምርት ከሌላው የሚለይና በአንድ እይታ የሚታወስ ምልክት ነው። ስም ብቻ፣ ፊደል ብቻ፣ ሥዕል ብቻ ወይም የእነዚህ ቅንጅት ሊሆን ይችላል። «ብራንድ» የሚባለው ግን ከዓርማው ይሰፋል። ብራንድ ደንበኛው ስለ ባለሙያው በልቡ የያዘው ግምት ነው፦ በሰዓቱ ይደርሳል ወይስ ያረፍዳል? አልበሙን በቀጠሮው ቀን ያስረክባል? የፊት ቀለምን እንደ ተፈጥሮው ያወጣል? ዓርማው የዚያ ግምት ማስታወሻ እንጂ ምትክ አይደለም። ያማረ ዓርማ የዘገየን አልበም አያካክስም።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «ብራንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው ማቃጠል ነው፤ ከብትን በጋለ ብረት ተኩሶ ባለቤቱን ከማሳወቅ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድም ግመል በጎሣው ምልክት ይተኮሳል፤ የጠፋ ግመል የማን ወገን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። የዐፄ ምኒልክ ማኅተም ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበረበት፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ከአንበሳው ሊረዳ ይችል ነበር። በፊልም ዘመን ፎቶ ቤቶች ባጠቡት ፎቶ ጀርባ ላይ ስማቸውንና አድራሻቸውን የያዘ ማኅተም ያሳርፉ ነበር። በስልክ የሚተላለፈው የዛሬ ፎቶ ጀርባ የለውም፤ ስለዚህ የባለሙያው ስም ወደ ፊት መውጣት ነበረበት።

ከንድፍ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው «የሚያምር ነገር ሥሩልኝ» በማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ እርሻውን ሳያዩ ዘር እንደመምረጥ ነው። አፈሩን፣ ከፍታውንና የዝናቡን መጠን ያላወቀ ሰው የትኛው ዝርያ እንደሚስማማ ሊናገር አይችልም። ለዓርማም አስቀድመው የሚመለሱ አራት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ደንበኛው ማን ነው?» የሚል ነው። ሠርግና ክርስትና የሚያነሣ፣ የተማሪዎች ምረቃ የሚያነሣ፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለፕሮጀክቶች የመስክ ሥራ የሚሠራ፣ ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች የመልክዓ ምድር ፎቶ የሚያቀርብ ባለሙያ አንድ ዓይነት ዓርማ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ደስታንና ክብርን፣ ሦስተኛው ደግሞ ታማኝነትንና ሥርዓትን ማሳየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ስሙ ነው። በግሉ የሚሠራ ባለሙያ የራሱን ስም ቢጠቀም ሥራውና ሰውየው አይነጣጠሉም፤ ነገ ረዳቶች ቀጥሮ ቢያድግ ግን ደንበኛው ሁልጊዜ «እርሱ ራሱ ይምጣልኝ» ሊል ይችላል። ፈጥሮ የሚወጣ ስም በበኩሉ ለመታወቅ ጊዜ ቢወስድም ከማንም ጋር አይምታታም። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ለካሜራው «ኮዳክ» የሚለውን ስም ሲያስመዘግብ ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም እንዳይኖረው ሆን ብሎ የፈጠረው ነበር። በአንጻሩ «ጣና»፣ «ጎንደር»፣ «ላሊበላ» የሚሉ ስሞች ያማሩ ቢሆኑም ሆቴሉም፣ ፋርማሲውም፣ ጫማ ቤቱም ስለሚጠሩባቸው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛው አጻጻፉ ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ የሚወክሉ የተለያዩ ፊደላት አሉ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። ታፔላው ላይ «ሠናይ»፣ ቴሌግራሙ ላይ «ሰናይ» ብሎ የጻፈ ባለሙያ ደንበኛው በስልኩ ሲፈልገው ሊያጣው ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ በሁለቱም ፊደላት አንድ አንድ አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ቦታ እርሱኑ መጠቀም ይገባል።

አራተኛው ዓርማው የት የት እንደሚያርፍ መዘርዘር ነው። በታፔላ፣ በቢዝነስ ካርድ፣ በጎማ ማኅተም፣ በደረሰኝ፣ በአልበም ሽፋን፣ በቲሸርት፣ በማኅበራዊ ገጾች ክብ ምስልና በፎቶው ጥግ ላይ ይቀመጣል። ለትልቅ ታፔላ ብቻ ታስቦ የተነደፈ ዓርማ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ ጭራሽ ላይነበብ ይችላል።

ከእነዚህ ጋር በከተማው ያሉትን የሌሎች ፎቶ ቤቶች ዓርማዎች በስልክ አንሥቶ ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ዓላማው ለመቅዳት ሳይሆን ለመራቅ ነው። በአካባቢው ያሉት ሁሉ ጥቁርና ወርቃማ ቀለም ተጠቅመው ከሆነ፣ ሌላ ቀለም የያዘው ብቻውን ይታያል።

ቅርጹን መምረጥ

ለፎቶ አንሺ የሚሆኑ ዓርማዎች በአራት ይከፈላሉ። አንደኛው ስሙን በተመረጠ የፊደል ቅርጽ ብቻ የሚጽፍ ነው። ሁለተኛው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ወስዶ ምልክት የሚያደርግ ነው። ሦስተኛው ሥዕል ብቻ ነው። አራተኛው ምልክቱንና ስሙን አጣምሮ የሚይዝ ነው።

አዲስ ለሚጀምር ባለሙያ አራተኛው ይመረጣል። ሥዕል ብቻ የያዘ ዓርማ ትርጉም የሚያገኘው ሰው አስቀድሞ ስሙን ካወቀ በኋላ ነውና። የተጣመረው ዓርማ እንደ ቦታው ሊለያይ መቻል አለበት፤ በታፔላው ላይ ምልክቱና ስሙ አብረው ይቆማሉ፣ በማኅበራዊ ገጹ ክብ ምስል ውስጥ ምልክቱ ብቻውን ይገባል፣ በፎቶው ጥግ ስሙ ብቻውን ያርፋል።

በዚህ ሙያ ትልቁ ወጥመድ የካሜራ ሥዕል ነው። ካሜራ፣ የሌንስ ክብ፣ የሌንስ መክፈቻ ስለት፣ የፊልም ጥቅልል፣ እነዚህ ሥራው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፤ የማን እንደሆነ ግን አይናገሩም። ዳቦ ቤት ሁሉ የስንዴ ዘለላ ቢሥል ዳቦ ቤቶቹ እንደማይለያዩ ማለት ነው። ካሜራ መጠቀም ግድ ከሆነ ከሌላ ነገር ጋር መዋሐድ አለበት። ለምሳሌ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል «ዐ» ቢሆን፣ የፊደሉ ክብ ራሱ ሌንስ ሊሆን ይችላል፤ «ፀ» ቢሆን በውስጡ ያለው መስመር የመክፈቻውን ስለት ሊመስል ይችላል። ከሰሜን ሸዋ ተራሮች፣ ከጣና ታንኳ፣ ከላስታ ውቅር መስኮት ወይም ከጥልፍ ጌጥ የተወሰደ ቅርጽ የበለጠ ይለያል። ይሁን እንጂ አንድ ዓርማ አንድ ሐሳብ ብቻ ይሸከማል፤ ታንኳውን፣ ተራራውን፣ ካሜራውንና ጥልፉን በአንድ ላይ ማጎር ሁሉንም ያጠፋቸዋል።

የሰው ፊት ለዓርማ ሲመረጥ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ለሕዝባዊ ሥነ ሥርዓቶችና መሰል ሁኔታዎች ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም፣ በበዓል ላይ የተነሣችን እናት ፊት ወስዶ የንግድ መለያ ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው። የፎቶው ባለሙያ ፎቶውን ስላነሣ ብቻ የፊቱ ባለቤት አይሆንም። አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ፊቱ ያለ ፈቃዱ በታፔላ ወይም በማስታወቂያ ላይ ተለጥፎ ቢያገኝ እንዲነሣለት የመጠየቅ መብት አለው። ፈቃድ ሲሰጥም በጽሑፍ ቢሆንና ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ በግልጽ ቢሰፍር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የግዕዝ ፊደል በዓርማ ላይ

ለአማርኛ ተናጋሪ ደንበኛ የሚሠራ ዓርማ በአማርኛ ቢጻፍ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ፊደሉ የራሱ ጠባይ አለው። የካዕብ ምልክት በፊደሉ ወገብ፣ የሣልስ ምልክት በእግሩ ላይ የሚቀጠል ትንሽ መስመር ነው፤ «ሉ» እና «ሊ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በዚያች መስመር ቦታ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም መስመሩ ሲቀጥን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ስሙም ይለወጣል። እንደ «ጭ» እና «ዥ» ያሉ ብዙ ዝርዝር ያላቸው ፊደላት በማኅተም ላይ ቀለም ሲጠጡ ወደ ጥቁር ነጥብ ይለወጣሉ። ስለዚህ ለዓርማ ወፍራምና ቀጭን መስመሩ እጅግ ያልተራራቀ፣ ቅጥያዎቹ ጎልተው የሚታዩ የፊደል ቅርጽ ይመረጣል።

የፊደል ቅርጽ ወይም ፎንት የራሱ ባለቤትና የአጠቃቀም ፈቃድ ያለው ሥራ መሆኑንም ማወቅ ይገባል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የሚባሉት በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ለንግድ ሥራም ያገለግላሉ። ከዚህም የሚሻለው የንድፍ ባለሙያው የስሙን ፊደላት በእጁ እንዲሥላቸው ማድረግ ነው፤ የብራና ጽሑፍ የፊደል አጣጣል ለዚህ ሰፊ ምንጭ ነው። በእጅ የተሣለ ስም ሌላ ሰው ፎንቱን ጭኖ በቀላሉ ሊመስለው አይችልም።

ቀለም

ዓርማ መጀመሪያ በጥቁርና በነጭ ይነደፋል። በጥቁርና በነጭ ያልቆመ ቅርጽ በቀለም አይቃናም። ከዚያ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ቀለም ይጨመራል። ቀለሙ በበዛ ቁጥር የኅትመት ዋጋ ይጨምራል፤ በቲሸርት ላይ በስክሪን ሲታተም ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ማተሚያ ወንፊት ይዘጋጃል።

የስልክ መስታወት ቀለምን ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ይሠራል። ማተሚያ ቤት ግን ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ቀላቅሎ ያትማል። በስልክ ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በወረቀት ላይ ደብዝዞ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም የተመረጠው ቀለም ለሁለቱም አሠራር ያለው የቁጥር ቀመር ከንድፍ ባለሙያው በጽሑፍ መወሰድ አለበት። ቀመሩ ከሌለ ካርዱ በአንድ ማተሚያ ቤት ቡናማ፣ ታፔላው በሌላው ቀይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች እንዳሉም መታሰብ አለበት፤ ይህ ችግር በይበልጥ በወንዶች ላይ ይታያል። አረንጓዴ ጽሑፍ በቀይ መደብ ላይ ለእነርሱ አይነበብም።

ታትሞ ከመውጣቱ በፊት አምስት ፈተናዎች

ንድፉ ሲጠናቀቅ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድ በፊት በሚከተሉት መንገዶች ይፈተሻል።

1. የማኅተም ፈተና፦ ዓርማው በአንድ ቀለም ብቻ፣ ያለ ጥላና ያለ ቀለም ሽግግር ታትሞ ይታያል። ለጎማ ማኅተም የማይሆን ዓርማ ለደረሰኝና ለውል ወረቀትም አይሆንም።

2. የማነስ ፈተና፦ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ዝቅ ብሎ በወረቀት ይታተማል። ስሙ ካልተነበበ ዝርዝሩ መቀነስ አለበት።

3. የመንገድ ፈተና፦ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ታትሞ ከመንገዱ ማዶ ይታያል። አላፊ አግዳሚ በባጃጅ እያለፈ የሚያየው በዚያ ርቀትና በዚያ ፍጥነት ነው።

4. የመደብ ፈተና፦ በነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ፣ በጥቁር ካባ ላይ፣ በአረንጓዴ ማሳ ላይ ይቀመጣል። ለነጣ መደብ ጥቁር፣ ለጠቆረ መደብ ነጭ ቅጂ ያስፈልጋል።

5. የማስታወስ ፈተና፦ ዓርማውን ለማያውቅ ሰው ለጥቂት ሰኮንድ አሳይቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ምን እንዳየ መጠየቅ ነው። «ካሜራ ነበረበት» ብቻ ካለ ንድፉ ገና ይቀረዋል።

በፎቶው ላይ ማሳረፍና የሕጉ አስገራሚ ድንጋጌ

ስምን በፎቶ ላይ ማሳረፍ ለማስታወቂያ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ለጉዳዩ ከዚያ የላቀ ዋጋ ሰጥቶታል። በአዋጁ መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሆኖ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን አልያም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። የጥበቃው ዘመን ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ፎቶውን በመጽሐፍ ለማያሳትመው ተራ ባለሙያ ዋናው የጥበቃ በር ስምና አድራሻ ነው። ምልክት ብቻ ያለው፣ ስም የሌለው ዓርማ ለዚህ አይበቃም። በፎቶው ላይ የሚያርፈው ቅጂ ስሙንና አድራሻውን፣ ለምሳሌ ከተማውንና ስልክ ቁጥሩን፣ በትንሽ ነገር ግን በሚነበብ ፊደል መያዝ ይኖርበታል።

አቀማመጡም ማስተዋል ይፈልጋል። በጥግ ላይ ያረፈ ስም ተቆርጦ ሊጣል ይችላል፤ በመሃል የተንጋለለ ትልቅ ስም ደግሞ ፎቶውን ያበላሻል፣ ደንበኛውንም ያስቀይማል። ገና ክፍያ ላልተፈጸመበት የናሙና ፎቶ በመሃል በስሱ ማሳረፍ፣ ለማኅበራዊ ገጽ በሚለቀቀው ላይ ከጥግ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ሊቆረጥ በማይመች ቦታ ማስቀመጥ፣ ለደንበኛው ተከፍሎበት በሚሰጠው አልበም ላይ ግን በሽፋኑ ወይም በመጨረሻው ገጽ ብቻ ማኖር የተለመደና የሚመከር አሠራር ነው።

ብዙ ካሜራዎች በቅንብር ዝርዝራቸው ውስጥ የባለቤቱን ስም የሚመዘግቡበት ቦታ አላቸው፤ ስሙ በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ይህን መሙላት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ነገር ግን ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ሲላክ ስለሚጨመቅ የተደበቀው መረጃ አብሮ አይደርስም። እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሳይለወጥ ይተላለፋል። ስለዚህ የተደበቀው ስም ለክርክር ጊዜ ማስረጃ ሲሆን፣ የሚታየው ስም ደግሞ የዕለት ተዕለት ጠባቂ ነው። ፎቶው ከካሜራው እንደወጣ ያለውን የመጀመሪያ ፋይል በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥም የባለቤትነት ማስረጃን ያጠናክራል።

ከንድፍ ባለሙያ ጋር የሚደረግ ስምምነት

ዓርማውን ሌላ ሰው ሲነድፈው ስምምነቱ በአንድ ገጽም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። በውስጡ ዋጋው፣ የሚቀርቡት ረቂቆች ብዛት፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚደረግ፣ የማስረከቢያው ቀንና የዓርማው ሙሉ መብት ክፍያው ሲጠናቀቅ ወደ ፎቶ አንሺው እንደሚተላለፍ ይስፈር። ንድፉ የባለሙያው የራሱ ፈጠራ መሆኑን፣ ከሌላ ቦታ እንዳልተቀዳ የሚያረጋግጥ ዐረፍተ ነገርም አይቅር።

ከርክክቡ ጋር የሚወሰዱት ፋይሎች በጥንቃቄ ይለዩ። የመጀመሪያው በመስመርና በቀመር የተሠራው፣ ቬክተር የሚባለው ዋና ፋይል ነው፤ የቤት ግድግዳ በሚያህል ታፔላም ሆነ በብዕር ላይ ቢታተም ጥራቱ አይቀንስም። ሁለተኛው መደቡ ግልጽ የሆነ ፒ.ኤን.ጂ. ፋይል ነው፤ በፎቶ ላይ የሚያርፈው ይህ ነው። ሦስተኛው የጥቁር ብቻና የነጭ ብቻ ቅጂዎች ናቸው። አራተኛው የቀለሞቹ ቀመር የተጻፈበት ገጽ ነው። ዋናውን ፋይል ሳይወስድ በስልክ የተላከለትን ምስል ብቻ የያዘ ሰው፣ ታፔላ ባሠራ ቁጥር ጠርዙ የደበዘዘ ዓርማ ይወጣለታል፤ ወይም እንደገና ለማስነደፍ ይገደዳል።

አቅሙ የማይፈቅድለት ባለሙያ ራሱ መንደፍ ይችላል። ኢንክስኬፕ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን ቬክተር ለመሥራት ያገለግላል። እንደ ካንቫ ባሉ መድረኮች ላይ የሚገኙ ዝግጁ ዓርማዎች ለመነሻ ሐሳብ ቢጠቅሙም አንድ ጉድለት አላቸው፤ ያንኑ ሥዕል ሌላ ሰውም ሊወስደው ስለሚችል የብቻ መብት አያስገኙም፣ እንደ ንግድ ምልክትም ለመመዝገብ አይሆኑም።

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ልዩነት

ብዙ ነጋዴ ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ ስሙ የተጠበቀለት ይመስለዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መሥሪያ ቤቶች ይመዘገባል። ዓርማው የሚጠበቀው ግን በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን፣ የሚመዘግበውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚረጋገጠው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲገኝ ነው።

ምዝገባው ለሰባት ዓመት ያገለግላል፤ በየሰባት ዓመቱም ይታደሳል። አመልካቹ ምልክቱ የሚያገለግልበትን ዘርፍ መጥቀስ ይኖርበታል። በዓለም አቀፍ አመዳደብ ዕቃዎችና አገልግሎቶች በ45 ምድቦች ተከፍለዋል። የፎቶግራፍ ማንሣት አገልግሎት በ41ኛው፣ ፎቶ የማተም አገልግሎት ደግሞ በ40ኛው ምድብ ይገኛሉ። ማንሣቱንም ማተሙንም የሚሠራ ባለሙያ ሁለቱንም ማሰብ አለበት።

ማንኛውም ምልክት ግን አይመዘገብም። የአንዱን ሥራ ከሌላው የማይለይ፣ የአገልግሎቱን ዓይነት ብቻ የሚገልጽ፣ ቀድሞ ከተመዘገበ ምልክት ጋር የሚመሳሰል፣ የመንግሥትን ዓርማ ወይም ሰንደቅ ዓላማ የያዘ ምልክት ውድቅ ይሆናል። «ፎቶ» ከሚል ቃልና ከተራ የካሜራ ሥዕል ብቻ የተሠራ ዓርማ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ልዩ ሆኖ መነደፍ የውበት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ የማይለይ ዓርማ በሕግ ፊትም ባለቤት የለውም።

ለአርሶ አደሩና ለማኅበራት የሚሆን ትምህርት

ስምና ምልክት ገንዘብ መሆናቸውን የኢትዮጵያ ቡና በግልጽ አሳይቷል። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመለከተች። ጉዳዩ ከፍተኛ ክርክር ካስነሣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈራረመ። ክርክሩ በባቄላው ላይ አልነበረም፤ በስሙ ላይ ነበር። ገዢው ለስሙ ብሎ የሚጨምረው ዋጋ ለማን ይድረስ የሚል ነበር።

በወረዳ ደረጃም ነገሩ ያው ነው። ማሩን በለበጣ ጀሪካን ለነጋዴ የሚያስረክብ አናቢ ማሩ ከተማ ሲደርስ በሌላ ሰው ስም ይሸጣል። በማኅበር ተደራጅቶ በራሱ ስምና ዓርማ አሽጎ የሚያቀርብ ግን ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ በስሙ ይፈልገዋል። ማርና ቡና በ30ኛው የምዝገባ ምድብ፣ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በ31ኛው ይካተታሉ። የአምስቱ ፈተናዎችም ይሠራሉ፤ ለማር ዕቃ የሚለጠፍ ወረቀት ከፎቶ ጥግ እምብዛም አይሰፋም፣ ለጆንያ የሚሆን ምልክትም በአንድ ቀለም መታተም አለበት። ማኅበሩ ለምርቱ ፎቶ ሲያስነሣ ደግሞ የፎቶ አንሺው ስም እንዲጠቀስና የፎቶው አጠቃቀም በጽሑፍ እንዲሰፍር ቢያደርግ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ድካም ያስከብራሉ።

የንግድ ምልክት በፍርድ ቤት ከመከራከሪያነቱ በፊት የሚጠበቀው በዘወትር አጠቃቀም ነው። ዓርማውን በየወሩ የሚለዋውጥ፣ ቀለሙን እንደ ማተሚያ ቤቱ የሚቀያይር፣ አንዴ ስሙን አንዴ የልጁን ስም የሚጽፍ ባለሙያ ደንበኛው እንዳያስታውሰው ራሱ ያደርጋል። በአንጻሩ ቀላል ዓርማ መርጦ፣ በሁሉም ቦታ ሳይለውጥ ተጠቅሞ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ስሙንና አድራሻውን አስፍሮ የሚሠራ ባለሙያ፣ ከአንድ ሠርግ ወደ ሌላው የሚሻገር ስም ይኖረዋል። ለዚህም ከሠርጉ ወቅት አስቀድሞ ያለው ጊዜ፣ ክረምቱ፣ ለዝግጅት የተመቸ ነው፤ ጥር ከገባ በኋላ ዓርማ የሚያስነድፍ ሰው ዘር ሳይዘራ ዝናቡን ያሳለፈ ገበሬን ይመስላል።